እናቴ እድር የገባችበት ክረምት

አጎቴ የአባቴን ካፖርት የለበሰው አባቴ በተቀበረ በሳምንቱ ነው። ማንንም አልጠየቀም። ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለበት አወረደው፣ አራገፈው፣ ለበሰው፤ እጅጌው አጠረኝ ብሎ ትንሽ አጉረመረመና ወደ ግቢ ወጣ። እናቴ አየችው፣ እኔም አየሁት። እሷ አቀረቀረች። እኔ ግን ይኸው አርጅቼም ያ ካፖርት ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ለቀብር ከአገር ቤት መጣ፣ እስከ አርባው ልሰንብት አለ፣ እኛም ደስ አለን። ሐዘን ቤት ወንድ ዘመድ ሲኖር እንግዳ ይቀበላል፣ የደጁን ነገር ይይዛል። አርባው ወጣ፤ እሱ ግን ንቅንቅ የለ። በአባቴ ወንበር መቀመጥ ጀመረ። ቀጥሎ የአባቴን መጋዝና መላጊያ ለማላውቃቸው ሰዎች ማሳየት ጀመረ።

ቤታችን ኮልፌ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ማድ ቤት፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ አባቴ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራበት ክፍል። አባቴ አናጢ ነበር። ግድግዳውን ሲያቆም ጭቃውን ያቦካችው፣ ጭዱን የረገጠችው እናቴ ናት። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ያን ክረምት የሚኒስትሪ ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ ነበር።

አንድ ማታ አጎቴ ራቱን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ያሰበውን ሁሉ ዘረገፈው። እድሩ ውስጥ በወንድሙ ቦታ እሱ ይጻፋል። ከዚያ ሚስቱንና ልጆቹን ከአገር ቤት ያመጣል። የአናጢ ክፍሉን ያከራያል። "ለእናንተ ማድ ቤቷ ትበቃችኋለች" አለ፣ እንደ ቸር ሰው። እኔንም አልረሳም፤ ማንበብ ከቻለች ትምህርቱ በቂ ነው፣ ከእንግዲህ ባል ይፈለግላታል አለ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ስለ አንዲት በግ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

አሁን ያለ ሰው እድር ላይ መጻፍ ከቤት ጋር ምን ያገናኘዋል ይል ይሆናል። በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ በእኛ ሰፈር፣ በደንብ ያገናኘው ነበር። የሰፈሩ እድር የሚጽፈው አባወራውን ብቻ ነው። አባወራው ሲሞት ወንድ ልጁ ይተካል፤ ወንድ ልጅ ከሌለ ወንድሙ፣ ወንድም ከሌለ የአክስቱ ልጅ፣ ብቻ ሱሪ የታጠቀ ሰው ይገኝ። የቤት ክርክር ተነሥቶ አጥቢያ ዳኛ ዘንድ የተኬደ እንደሆነ ደግሞ ዳኛው መጀመሪያ የሚያስጠራው የእድር ሽማግሌዎችን ነው። "በዚህ ቤት የምታውቁት ማንን ነው?" ይላቸዋል። እነሱም የጻፉትን ሰው ይናገራሉ። አለቀ። እናቴ የሴቶቹ እድር ውስጥ ነበረች፤ የሴቶቹ እድር ግን እንጀራና ወጥ ነው፣ ውሃ መቅዳት ነው፤ ማንም ዳኛ ጠርቶ አይጠይቀውም። አጎቴ ከተጻፈ እናቴ በገዛ ቤቷ ጥገኛ ልትሆን ነው።

ደግሞ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። የእድሩ ድንኳን የሚያድረው እኛ ቤት ነበር። ምሰሶዎቹን የጠረበው አባቴ ስለሆነ፣ ከአናጢ ክፍሉ ጎን ሸራውም እንጨቱም ይቀመጥ ነበር። አባቴ ሳንባው ታሞ ሁለት ዓመት ሲተኛ፣ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ተነሥታ ያን ሁሉ እንጨት የምታወጣው እናቴ ናት። እስከ አጥር በራችን ትሸከመዋለች። ከበሩ ወንዶቹ ይቀበሏታል። ሴት ምሰሶ ተሸክማ በመንገድ ላይ መታየቷ ነውር ስለሆነ ከበሩ አታልፍም። በስብሰባው ላይ ግን የሚመሰገነው አባቴ ነበር።

እናቴ ዝምተኛ ናት። እኔ ግን አፌ አያርፍም፤ ከማን እንደወረስኩት አላውቅም። በማግስቱ ስነዘንዛት ዋልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ "ተከተይኝ" አለችኝና የእድሩ ዳኛ ቤት ሄድን።

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ረዥም፣ ደረቅ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን መሳደብ ይቀላል። አስቀመጠን፣ አጽናናን። እናቴ በባሏ ቦታ በራሷ ስም መጻፍ እንደምትፈልግ ነገረችው። እሱ በበኩሉ እንደማይከለክላት፣ ግን ደንቡን ጉባኤው እንጂ እሱ እንደማይለውጠው፣ ሴት ደግሞ በወንዶች ጉባኤ ቆማ ተናግራ እንደማታውቅ አስረዳት። የሚናገርላት ሰው ታቁም አለ። ማንን? አለችው። "የባልሽ ወንድም አለልሽ አይደል?" አላት፣ በቅን ልቡና።

ማታ እኔ እዚያው ተቀምጬ እናቴ አጎቴን ለመነችው። ቃሏን አስታውሳለሁ። "ጋሼ፣ ነገ ሲናገሩልኝ፣ 'በባሌ ቦታ በራሴ ስም ጻፉኝ ብላለች' ብለው ይንገሩልኝ" አለችው። የጎረሰውን እስኪውጥ ጠበቀች። "እሺ፣ እነግርልሻለሁ" አላት። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቱ ነው ያስፈራኝ።

እሱ ሲወጣ ይዋሻል እኮ አልኳት። ያ ሁሉ ሰው ፊት አይዋሽም አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ነው ጉባኤው፣ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። ወንዶቹ አባቴ በሠራቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ በረድፍ ይቀመጣሉ። እናቴ ከኋላ፣ ከዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከል ለብሳለች፣ ነጠላዋን እስከ አፏ አድርጋዋለች። ከወንዶች ሌላ እኔና እሷ ብቻ ነን። ሕፃናት አይጠጉም ነበር፤ እኔን ግን ሐዘንተኛ ናቸው ብለው ነው መሰል ማንም አላባረረኝም።

መጀመሪያ ስም ይጠራል። በስም ጥሪ ላይ እድራችን ቀልድ አያውቅም። ጸሐፊው ይጠራል፣ ሰውየው በራሱ አንደበት "አቤት" ይላል። ለጎረቤት "አለ፣ አለ" ማለት አይቻልም፤ ድሮ እየተሸፋፈኑ ሲያስቸግሩ የወጣ ደንብ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አፉን ያልከፈተ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢታይም፣ ቀሪ ነው። አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ጸሐፊውን እያየ፣ እየሳቀለት፣ ቀሪ ተብሎ ተቀጥቷል። አባቴ ይህን እያወራ ሲስቅ ሳል ይይዘው ነበር።

የአባቴ ስም ጋ ሲደርስ ጸሐፊው ሳይጠራ አለፈው። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች።

ከዚያ አጎቴ "ይፈቀድልኝ" ብሎ ተነሣ። በአባቴ ካፖርት። ስለ ወንድሙ ደግነት ተናገረ፤ ትንሽም አለቀሰ፤ ለቅሶው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ጉባኤው ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ ድምፁን አስተካከለና እንዲህ አለ፦

"የወንድሜ ሚስት ልካኛለች። 'እኔ ሴት ነኝ፣ የእድር ነገር አልችልም፤ በባሌ ቦታ ወንድሙ ይጻፍልኝ' ብላለች።"

ጨዋ ሴት ናት ሲሉ ሰማሁ። እግዜር ይስጣት አለ አንዱ። ጸሐፊው የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ። እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ዞሬ አየኋት። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም። ጸሐፊው ጎንበስ አለ።

"አላለችም" አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ተቀምጬ የተናገርኩ መስሎኝ ቆሜ ነው ያገኘሁት ራሴን። ያ ሁሉ ጭንቅላት ዞረ። ከተናገርኩ ወዲያ መመለሻ የለኝም፤ ደግሜ አልኩት። ማታ የላከችው ሌላ ነው፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፣ በራሴ ስም ጻፉኝ ነው ያለችው አልኩ።

ጉድ ፈላ። ይቺን ባለጌ ከዚህ አውጧት የሚል አለ። አስተማሪ ነው ያበላሻቸው የሚል አለ። አጎቴ ሳቅ ብሎ ሕፃን ናት፣ ሐዘን ነው ያናገራት፣ ይቅር በሏት አለ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። የእድሩ ዳኛ እጁን አንሥቶ ጸጥ አሰኛቸው። የልጅ ቃል ጉባኤ እንደማይቀበል ነገረኝ፤ አልተቆጣም።

"እንግዲያው እሷን ይጠይቋታ" አልኩት።

ዳኛው ወደ እናቴ አየ። መጠየቅ ማለት ማናገር ነው፤ ማናገር ደግሞ በዚያ ሜዳ ተደርጎ አያውቅም። ከመሐል አንድ ወፍራም ድምፅ "ኧረ ደንብ ይከበር" አለ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ በጉባኤው ከዳኛው ቀጥሎ የሚሰማ። ተነሥቶ ቆመ። በሴት ስም ተጻፈ እንበል፣ አለ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ማን ይተክላል? በዝናብ ማን ይቆማል? እሷ ናት? ሰዉ ሳቀ።

እናቴ ሳቁ ውስጥ ነው የተነሣችው። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ስትናገር ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ሰዎቹ ለመስማት ሲሉ ዝም አሉ።

"ልኬያቸዋለሁ፤ የላክኳቸው ግን ይህን አይደለም" አለች። "ድንኳኑ የሚያድረው እኔ ቤት ነው። ባለቤቴ በተኛ ጊዜ ሁሉ እስከ በሩ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከበሩ ወዲያ ያለውንም እችለዋለሁ።"

ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ክርክሩ ረፋዱን በሙሉ ፈጀ። የሚጮህ ይጮሃል፣ የሚያወግዝ ያወግዛል። ከሴቶች ጋር ጉባኤ መቀመጥ ከጀመርን ሱሪያችንን እናውልቅ ያለ ነበረ። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ እንዲህ ወሰነ፦ ትጻፍ፤ ግን ወንድ የሚሠራውን ሁሉ ያለ አንዳች ምክንያት ትሠራለች። አንድ ቀን፣ በቀብርም ሆነ በድንኳን ተከላ ወይም በስም ጥሪ፣ ቀሪ ከሆነች ትሰረዝና የባሏ ወንድም ይተካል። ወንድ ሲቀር ይቀጣል እንጂ አይሰረዝም፤ ይህን ማንም አላነሣም። እኔ ላነሣ አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አጎቴ ደስ ብሎት ነበር። የቸኮለ ሰው አይመስልም፤ አንድ ቀን እስክትቀር መጠበቅ ብቻ ነው የቀረው።

በመንገድ ላይ እናቴ የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። መንገዷን ቀጠለች። ከአጥራችን ስንደርስ ዞራ ቆመች።

"ጋሼ ተናገሩልኝ። አንቺም ተናገርሽልኝ" አለችኝ። "ከዛሬ ወዲያ ግን የምትናገሪልኝ እንደሆነ የአባትሽ አጥንት ይፋረድሽ።"

አስማለችኝ። እንባዬ ይወርዳል፣ ንዴት ነው። እኔ ባልነሣ ኖሮ ምን ልትሆን ነበር እያልኩ አኮረፍኳት። እሷ ደግሞ ኩርፊያዬን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነው። ሐምሌ ገባ። ያ ዓመት ዝናቡ አያባራም፤ ከላይ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ሁሉ ጭቃ አደረገው። ጎህ ሲቀድ እነቃለሁ፣ ጥሩምባ ይነፋ ይሆን ብዬ አዳምጣለሁ። እናቴም እንደነቃች ከአተነፋፈሷ አውቃለሁ። የአባቴን ቦቲ ጫማ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ጨርቅ ጠቅጥቃበታለች እግሯ እንዳይዋኝበት። ከግድግዳው ወዲያ አጎቴ ይገላበጣል። ሦስታችንም የሰው ሞት እንጠብቃለን፤ ቀፋፊ ነገር ነው፤ ግን እንዲያ ነበርን።

ሴቶቹ ይደግፉናል ብዬ ነበር፤ የት አግኝቼ። የሴቶቹ እድር አለቃ፣ እናቴን ከልቧ የምትወድ ጎረቤታችን፣ አንድ ቀን መጥታ ወቀሰቻት። እኛን ምን ልታደርጊን ነው፣ ነገ ወንዶቹ የእናንተስ ሚስቶች የማይሸከሙት ለምንድነው ቢሉ የት እንገባለን አለቻት። ደግሞ አንቺ እንጨት ስትሸከሚ የአንቺን እንጀራ ማን ይጋግራል አለች። እናቴ እኔው እጋግራለሁ አለች። "እንዴት አድርገሽ?" ብትላት፣ "እንዴትም አድርጌ" አለች። ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። እኔ ያን ጊዜ ነው ውሳኔው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፤ እናቴ የወንድ ሥራ ተሰጣት እንጂ የሴት ሥራዋን ማንም አልወሰደላትም።

ጥሩምባው የተነፋው በአንድ ዝናባማ ንጋት ነው። ለፋፊው በታችኛው መንገድ እየጮኸ መጣ። ጥሩምባውን ይነፋል፣ ያቆማል፣ ይናገራል። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ስም ጠራ። ያ ሰውዬ የሞተ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ "ባለቤቱ ዐርፋለች" አለ። ሚስቱ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሴት ስም አይጠራም ነበር። ስንት ዓመት ዱቄት መዝናልኛለች፣ ስታየኝ አድገሻል ትለኝ ነበር፤ ስሟን ግን አላውቀውም። ያን ጊዜ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ስሟ ማን ይሆን አልኩ።

እናቴ ደረቷን አንድ ጊዜ መታች፣ አለቀሰች፣ ቦቲውን አጠለቀች። አጎቴ በር ላይ ቆሞ ዝናቡ ከባድ ነው፣ ሴት ልጅ በጭቃ ላይ ብትወድቅ መሣቂያ ነው፣ እኔ ልሂድልሽ አላት። ካፖርቱን ለብሷል። "ያሳልፉኝ ጋሼ" አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ለቀቀላት።

አንዱን ምሰሶ በትከሻዋ ተሸክማ ከአጥራችን በር ወጣች። የሚቀበሏት ወንዶች እንደ ወትሮው በር ላይ ቆመዋል። አልሰጠቻቸውም። በመሐላቸው አለፈች። ሌላውን እንጨት እያነሡ ከኋላዋ ተከተሉ፣ ከመሸማቀቅ ይሁን ከድንጋጤ ማንም አላናገራትም። ከየአጥሩ ሴቶች አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። እኔ እኩል መሄድ ፈርቼ ራቅ ብዬ ተከተልኩ፤ ሲያንሸራትታት ልቤ አብሯት ይወድቃል።

የሐዘንተኛው ግቢ ሞልቷል። ለቀስተኛው በዝናብ ላይ ቆሟል፣ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፣ ውሃው ከፀጉራቸው ይወርዳል። ምሰሶዎቹ ተተከሉ። የቀረው በላያቸው የሚጋደመው ረዥሙ እንጨት ነው፤ ሸራው የሚዘረጋው በእሱ ላይ ነው፤ በአንድ ሰው አይነሣም፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። እናቴ አንዱን ጫፍ ያዘች። ወገቧ ድረስ አነሣችው። ሌላኛው ጫፍ ጭቃ ላይ ነው።

ማንም አልያዘውም።

ዙሪያውን ከአሥር የሚበልጡ ወንዶች ቆመዋል። አንዱ ወደ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ገመድ ይፈታል፣ ተፈትቶ ያለቀ ገመድ። ከሴት ጋር እኩል እንጨት ያነሣ መባል ለእነሱ ሞት ነው። እናቴ ማንንም አልጠራችም። ቆመች። ዝናቡ ይወርዳል። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታየኛል። አስቀምጪው እማዬ ልል ነበር፤ መሐላው ያዘኝ። ልሮጥ፣ ጫፉን እኔ ልያዝ ብዬም አሰብኩ፤ ልጅ ብትይዘው ጨዋታ ነው የሚሆነው፣ አይቆጠርላትም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አጎቴ ከአጥሩ ሥር ተጠልሎ ያያል።

በዚህ መሐል የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከቤቱ ወጣ። ሐዘንተኛ አይሠራም፤ ነውር ነው፤ ሰው ይዞ ነው የሚያስቀምጠው። ሁለት ሰዎች ይዘውት ነበር፣ አራገፋቸው። ባዶ እግሩን ነው። ጭቃውን እየረገጠ መጣ፣ ጎንበስ አለና የእንጨቱን ጫፍ ያዘ። እናቴን አላያትም። "ዝናብ እየመታት ነው" አለ። ለልቅሶ አውጥተው ከደጅ አልጋ ላይ ያጋደሙት የሚስቱ ሬሳ ጋቢው እየረጠበ ነበር። "ይነሣ" አለ፣ እናቴም አነሣች።

ገና ትከሻቸው ሳይደርስ ያ ሁሉ ወንድ ተንጋጋ። የሐዘንተኛውን እጅ እየጎተቱ፣ ይቅርታ እየለመኑ፣ ከእጁ ነጠቁት። አንዱ ከእናቴ ጋር ወዲያ ማዶ ቆሞ አነሣ። ድንኳኑ ተተከለ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለእናቴ ብሎ እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ ለሚስቱ ነው። ለእኛ ግን በቃን። እናቴ ከዚያ ተነሥታ ቤት ሄደች፣ ጋገረች፣ በሌማት ተሸክማ ተመለሰች። ማታ እጇን አየሁት፤ መዳፏ ተልጦ ነበር። ቅቤ ቀባኋት። ተታረቅን፣ ምንም ሳንባባል።

የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እሑድ ዝናቡ ፋታ ሰጠ። አሁን እናቴ ከወንዶቹ ረድፍ መጨረሻ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሰው ትንሽ ራቅ አለ፣ ከዚያ ቦታ ሲያጣ መልሶ ጠጋ አለ። እኔን ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ አባረሩኝ። አጎቴ ከዳር፣ እናቴ ያን ቀን በተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ነው።

ጸሐፊው መጥራት ጀመረ። አቤት፣ አቤት እያለ ረድፉ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወይዘሮ" አለና ስሟን ከእነአባቷ ስም ጠራ።

መልስ የለም።

ዝም ብላ ተቀምጣለች፤ እንዲያውም ዞር ዞር ትላለች። ጸሐፊው ደግሞ ጠራ፣ አሁን ጮክ ብሎ። እናቴ ፊት ለፊቱ ናት፤ ታየዋለች። ሁለተኛው ነው። ሰዎች መጠቃቀስ ጀመሩ። የእድሩ ዳኛ እናቴን ያያል፤ በዓይኑ ይለምናታል፤ አፉን ግን አይከፍትም፣ ደንቡን የሚያስከብር እሱ ነው። አጎቴ ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ ካፖርቱን አራገፈ። ምን ሆነች? ፈራች? ሐሳቧን ለወጠች? እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነከስኩት። እማዬ አንቺን ነው፣ አንቺን ነው፤ እስከ ጉሮሮዬ መጥቷል። ብናገር ደግሞ የተናገርኩላት እኔ ነኝ፣ በራሷ አንደበት ካልሆነ ጥሪው አይቆጠርም፣ መሐላውም አለ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያን ቀን ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ቀሪ የሚጻፍበት ላይ አደረገ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ።

እናቴ እጇን ወደ ደረቷ ወሰደች። ልክ አንድ ሰው ከኋላ የነካት ያህል ደንገጥ አለች።

"አቤት" አለች። ተነሥታ ቆመች፣ መቆም አያስፈልግም ነበር፤ "አቤት፣ አለሁ።"

ጸሐፊው ምልክቱን አደረገ። ሌላ ነገር አልተባለም፤ ወደ መዋጮ ነገር አለፉ። አጎቴ ጉባኤው ሳያልቅ ቁልቁለቱን ወረደ። እኛ ስንመለስ መጠበቁን ትቶ ጓዙን ጠቅልሎ በአገር ቤት አውቶቡስ ሄዷል፤ ካፖርቱንም ለብሶት ሄዷል።

ታዲያ ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ስትጠሪ ለምን ዝም አልሽ፣ ልትገድይኝ ነው ወይ አልኳት። አፈረች። ከተዳረች ጀምሮ በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም። አባቴ "አንቺ" ይላታል፣ ጎረቤት በእኔ ስም የእገሊት እናት ይላታል፣ እኔ እማዬ ነው የምላት። ጸሐፊው ሲጠራ ያቺ ሴት ማን ናት፣ ለምን አቤት አትልም፣ ልትሰረዝ እኮ ነው ብላ ለሴትዮዋ ስትጨነቅ ነበር።

ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ከአጥራችን በር ደርሰን ነበር፣ ያስማለችኝ ቦታ።

"እስቲ አንቺም ጥሪኝ" አለችኝ።

እናትን በስም መጥራት ነውር ነው፤ አንደበቴ እሺ አላለኝም። ጠበቀችኝ። ከእነአባቷ ስም፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጠራኋት።

"አቤት" አለችኝ፣ በሩን እየከፈተች።